ለየቀኑ የሚሆን የድሮ ፊልም ካሜራ የቱ ነው? አንድ ጥያቄ፣ 31 መልስ

ጠያቂው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር ወጣት ነው። አንድ የድሮ ፊልም ካሜራ መግዛት ፈልጓል። መደርደሪያ ላይ ሊያስቀምጠው አይደለም። ቦርሳው ውስጥ ከትቶ ሥራም፣ ቤተ ክርስቲያንም፣ እረፍት ሲወጣ አዲስ አበባም ይዞት ሊዞር ነው። የጠየቀው ሦስት ነገር ነው፦ በቀላሉ የማይበላሽ፣ ባትሪው ሲሞት አብሮ የማይሞት፣ ቢበላሽም ጠጋኝ የማይታጣለት። ውዱ የጀርመን ካሜራ ሌይካ እንዳይጠቆምለት አስቀድሞ አስጠንቅቋል፤ ኪሱ አይችልም። እዚህ ላይ ቢያቆም ጥሩ ነበር። እሱ ግን አውቶማቲክ ካሜራ የሰነፍ ነው የምትል ዓረፍተ ነገር ጣል አድርጎ ወጣ።

ጥያቄውና መልሶቹ የተጻፉበት የኢንተርኔት መድረክ ክር ረጅም ስለሆነ ለማንበብ ጊዜ ላጣችሁ እኔ ልንገራችሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

መልስ 1 ሁሉም የጠበቀው ነው፦ ፔንታክስ ኬ1000። ከ1976 እስከ 1997 ድረስ ብዙም ሳይለወጥ የተመረተ ካሜራ ነው። ስንት የፎቶግራፍ ተማሪ እጁን ያፍታታው በሱ ነው። ባትሪው የሚያገለግለው ብርሃን ለምትለካው መርፌ ብቻ ነው። ባትሪው ሲያልቅ መርፌዋ ትተኛለች እንጂ ካሜራው ከአንድ ሴኮንድ እስከ 1/1000 ሴኮንድ ባለው ፍጥነት ማንሳቱን ይቀጥላል። መላሹ ሲያጠቃልል ሌላ ነገር መፈለግ ድካም ነው አለ።

መልስ 2 በትህትና ተስማምቶ ሁለት ነገር አረመ። አንደኛ፣ ኬ1000 ብርሃን መለኪያውን የሚያጠፋ ማብሪያ ማጥፊያ የለውም። የሌንሱን ክዳን ሳትገጥም ካስቀመጥከው መርፌዋ ብርሃን ባየች ቁጥር ባትሪውን ትበላለች። ስለዚህ ክዳኑ እንዳይጠፋ። ሁለተኛ፣ ሁሉም ኬ1000 አንድ አይደለም። መጀመሪያ ጃፓን ነበር የሚሠራው፣ ቀጥሎ ወደ ሆንግ ኮንግ፣ በኋላም ወደ ቻይና ሄደ። የኋለኞቹ ላይ ፕላስቲክ በዝቷል።

መልስ 3 ከአዲስ አበባ ነው። ጸሐፊው ለጋዜጣ ፎቶ ሲያነሳ የኖረ ሰው ይመስላል፤ ወሬው ሁሉ ስለ ዝናብ፣ ስለ አቧራና ስለ ግፊያ ነው። የሱ ምርጫ ኒኮን ኤፍኤም2 ነው። በ1982 ሲወጣ የሻተሩ፣ ማለትም ለፊልሙ ብርሃን የሚከፍተውና የሚዘጋው መጋረጃ፣ ፍጥነት 1/4000 መድረሱ ጉድ ተብሎ ነበር። ለዚያ ፍጥነት እንዲበቃ የሻተሩ ቅጠሎች ከታይታኒየም ተሠሩ፤ ቀላል እንዲሆኑም የማር እንጀራ ቅርጽ ተቀረጸባቸው። ስቲቭ ማከሪ በ1984 ያቺን አረንጓዴ ዓይን የአፍጋን ልጅ ያነሳት በዚሁ ካሜራ እንደሆነም አስታወሰ።

መልስ 4 ላይ ነገሩ መክረር ጀመረ። ልጅቷን ያነሳት ሰውየው ነው እንጂ ካሜራው አይደለም፣ እንዲህ ያለ ወሬ ዋጋ ከማስወደድ ሌላ ጥቅም የለውም ይላል። አነጋገሩ ሻካራ ነው፤ ምክሩ ግን ወርቅ ነው። ኬ1000 የተሠራው ከሌላ የፔንታክስ ካሜራ ላይ እየተቀነሰ ነው። ያ ካሜራ በ1975 የወጣው ኬኤም ነው። ኬኤም ኬ1000 ያለውን ሁሉ ይዞ፣ ጊዜ ሰጥቶ ራሱ የሚያነሳ መዘወሪያም አለው። ስሙ ስላልገነነ ብዙ ሰው ዞር ብሎ አያየውም። መላሹ እንደሚለው ለስም ገንዘብ ከመክፈል ኬኤም ገዝቶ በቀረው ፊልም መግዛት ይሻላል።

መልስ 5 ኤፍኤም2ም ያለ ባትሪ አይሠራም፣ ስለዚህ ከጥያቄው ውጪ ነው ብሎ ደመደመ። መልስ 6 ወዲያው መለሰው፦ ያልከው ኤፍኢ2 ነው፣ አንድ ፊደል ነው ያሳሳተህ። ኤፍኢ2 ኤሌክትሮኒክ ነው፤ ባትሪ ሲያልቅ የሚቀረው አንድ 1/250 ፍጥነትና ቢ (ቁልፉን እስከተጫንክ ሻተሩ ክፍት የሚቆይበት) ብቻ ነው። ኤፍኤም2 ግን የሚያጣው ብርሃን መለኪያውን ብቻ ነው። አምስተኛው አመስግኖ ወጣ። በዚህ ክር ውስጥ ታርሞ ያመሰገነ ሰው ሌላ አላየሁም።

መልስ 7 የሶቪየቱ ካሜራ የዜኒት ናት። መምጣቷ አይቀርም ነበር። ጸሐፊዋ እንደነገረችን አባቷ በደርግ ጊዜ ለትምህርት ሶቪየት ኅብረት ሄደው ሲመለሱ ዜኒት-ኢ ይዘው መጡ። ክብደቱ ከነሌንሱ ወደ አንድ ኪሎ ይጠጋል። ባትሪ የሚባል ነገር አያውቅም፤ ብርሃን መለኪያው ሴሌኒየም ነው፣ በራሱ በብርሃኑ ይሠራል። ሄሊዮስ 44-2 ሌንሱ ላይ ሁለት ቀለበት አለ። በአንደኛው ብርሃን የሚገባበትን ቀዳዳ ስፋት ቁጥር ትመርጣለህ፣ ሌንሱን ከፍተህ ታተኩራለህ፤ ከዚያ ከማንሳትህ በፊት ሌላኛውን ቀለበት በእጅህ ታዞርና ቀዳዳውን ትዘጋለህ። ይህን የረሳ ሰው ፎቶው ነጥቶ ይቀራል። አባቷ ሰው ደርድረው ሊያነሱ ሲሉ ቀለበት! እያሉ ለራሳቸው ጮክ ብለው ያስታውሱ ነበር አሉ። ልጆቹም አብረው ይጮሁ ነበር። ቤት ውስጥ የተነሱት ሁሉም እየሳቁ የወጡት ለዚህ ነው።

መልስ 8 ዜኒትን ለፀሐይ አትስጡ፣ የጨርቅ መጋረጃው ይቃጠላል ብሎ አስፈራራ። መልስ 9 አረመው። ፀሐይ በሌንስ ገብታ የጨርቅ ሻተር የምትበሳው ውስጡ መስታወት በሌለው ካሜራ ላይ ነው፤ እንደ ሶቪየቶቹ ዞርኪና ፌድ ባሉት። ዜኒት ላይ መጋረጃውን መስታወቱ ይከልለዋል። ዘጠነኛው እግረ መንገዱን አንድ ማስጠንቀቂያ ጨመረ፦ ዞርኪ 4 ከገዛህ ፊልሙን ሳትስብ የሻተሩን ፍጥነት እንዳትቀይር፣ ውስጡ ይበላሻል።

መልስ 10 ጨዋነቱን ጥሎት መጣ። ዜኒት ጡብ ነው፣ ትዝታ ሌላ ካሜራ ሌላ አለ። የጻፈው ግን ሐሰት አይደለም። ዜኒት-ኢ ውስጥ ስታይ የምታየው ከሚነሳው ነገር ያነሰ ነው፤ ጠርዝ ላይ ያላየኸው ሰው ፎቶው ላይ ይገኛል። ከ1/30 የዘገየ ፍጥነት ስለሌለው ማታ ቤት ውስጥ ቢ ላይ አድርገህ በግምት ነው። መልስ 11 ላይ የዜኒቷ ባለቤት ተመለሰች። ጡቡ አባቷን ቀብሮ ዛሬም እንደሚሠራ፣ የአስረኛው ስልክ ግን ከሁለት ዓመት በላይ እንደማይቆይ ነገረችው። ከዚያ በኋላ አስረኛው ድምፁ አልተሰማም።

መልስ 12 ያቺን ሰነፍ የምትለዋን ዓረፍተ ነገር ያነሳች እናት ናት። ፍራንክፈርት ትኖራለች፣ የምታነሳው ሁለት የሚሯሯጡ ልጆቿን ነው፣ ካሜራዋ ካኖን ኤኢ-1 ነው። ኤኢ-1 በ1976 ሲወጣ ማይክሮፕሮሰሰር የተገጠመለት የመጀመሪያው ባለመስታወት ካሜራ ነበር። ፍጥነቱን አንተ ትመርጣለህ፣ የሌንሱን ቀዳዳ እሱ ያስተካክላል። እሷ መርፌ እስክታስተካክል ልጁ ከፎቶው ወጥቷል፤ ይሄ ስንፍና ከሆነ ሰነፍ ነኝ ትላለች። ጉድለቱንም አልደበቀችም። ባለ 6 ቮልት ባትሪው ሲሞት ካሜራው ጭራሽ አይንቀሳቀስም። ስለዚህ ትርፍ ባትሪ ቦርሳዋ ውስጥ አይጠፋም። የመስታወቱ መዘወሪያ ቅባት ሲደርቅም ሲያነሳ ይንጫጫል፤ የዚህ ሞዴል የታወቀ በሽታ ነው፣ በጽዳትና በቅባት ይድናል። ትርፍ ባትሪ የሚይዝ ሰው ከኤሌክትሮኒክ ካሜራ የሚሸሽበት ምክንያት ለኔም አይገባኝም።

ከ13 እስከ 15 ስድብ ነው። እለፉት።

መልስ 16 ኦሊምፐስ ትሪፕ 35ን ጠቆመ። ከ1967 እስከ 1984 የተሠራ፣ ባትሪ የማይፈልግ፣ የኮት ኪስ የሚገባ ካሜራ ነው። ብርሃን ካነሰው ማያው ውስጥ ቀይ ምልክት ብቅ ይልና አላነሳም ይላል። ደግ ሐሳብ ነበር። በስድቡ መካከል ስለገባ ማንም አላየለትም።

አሁን መልስ 17። የቀረውን ባታነቡ ይህችን አንብቡ። ጸሐፊው ካሜራ ጠጋኝ ነው። አነጋገሩ ቁጣም ሙገሳም የለበትም። መጀመሪያ የተናገረው ነገር እስከዚያ የተጻፈውን ሁሉ ቀዝቃዛ ውሃ ቸለሰበት፦ የምትጣሉባቸው ካሜራዎች አብዛኞቹ አርባ ዓመት አልፏቸዋል፤ ደህና የተያዘ መናኛ ሞዴል፣ ጓዳ ተጥሎ ከሻገተ ዝነኛ ሞዴል ይበልጣል። ስለዚህ ስሙን ሳይሆን ዕቃውን መርምሩ አለ። ከዚያ ሻጩ ፊት ቆመን ምን እንደምናደርግ በቅደም ተከተል ነገረን።

ፊልም እንደሌለው አረጋግጠህ የጀርባውን በር ክፈት። ፍጥነቱን አንድ ሴኮንድ ላይ አድርገህ ሳብና አንሳ። ውስጥ ያሉት ጥርሶች ሲዞሩ የሚሰማው ድምፅ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እኩል መሆን አለበት። መሃል ላይ ከተንገዳገደ ወይም ክፍት ሆኖ ከቀረ ቅባቱ ደርቋል። ቀጥሎ 1/1000 ላይ አድርገህ ካሜራውን ወደ ብሩህ መስኮት አዙርና ከጀርባ እያየህ አንሳ። ብርሃኑ ከዳር እስከ ዳር ብልጭ ማለት አለበት። አንደኛው ጠርዝ ከጨለመ መጋረጃዎቹ እኩል አይሮጡም፣ ፎቶህ ግማሹ ጥቁር ይሆናል። ሻተሩን ግን በጣትህ እንዳትነካ።

ሌንሱን ፍታ፣ ቀዳዳውን እስከ መጨረሻ ክፈትና በስልክህ መብራት ከኋላ አብራበት። ጥቂት አቧራ ምንም አይደለም። የሸረሪት ድር የመሰለ ክር ካየህ ሻጋታ ነው፣ ተወው። ቀዳዳውን የሚዘጉት ቅጠሎች ደረቅ መሆን አለባቸው፤ ዘይት ካብለጨለጨባቸው ይዘገያሉ። የባትሪውን ክዳን በሳንቲም ከፍተህ አረንጓዴ ወይም ነጭ ዝገት ካለ እይ። በመጨረሻ በበሩ ጠርዝ ባለው ቦይ ጣትህን አሂድ። ጥቁርና የሚያጣብቅ ነገር ከያዘህ ብርሃን የሚከለክለው ስፖንጅ በስብሷል ማለት ነው።

ይህኛው ላይ መላሹ አንድ ሰው እንዲደነግጥ አልፈለገም። ስፖንጁ በአብዛኞቹ የድሮ ካሜራዎች ላይ ይበሰብሳል፣ መቀየሩም ርካሽ ነው። እንዲያውም ዋጋ ማስቀነሻ አድርጉት ይላል። የጽዳትና የማስተካከያ ወጪውን ግን ከመጀመሪያው የካሜራው ዋጋ ውስጥ አስገቡት። ሻጩ አልሞከርኩትም ካለ እንደተበላሸ ቁጠሩት፤ የሚሠራ ቢሆን ሞክሮት ያስወድደው ነበር።

መልስ 18 እግዜር ይስጥልኝ ብቻ ነው።

መልስ 19 ኦሊምፐስ ኦኤም-1ን ይዞ መጣ። በ1972 ኤም-1 ተብሎ ወጣ፣ ሌይካ በስሙ ቅር ስላለው በዓመቱ ኦኤም-1 ተባለ። ማይታኒ የሚባለው መሐንዲስ ባለመስታወት ካሜራ እንዲህ ትንሽና ቀላል መሆን እንደሚችል ያሳየበት ሥራ ነው። ቀኑን ሙሉ አንገት ላይ የሚንጠለጠል ከሆነ ክብደት ቀልድ አይደለም ይላል። ልክ ነው። ግን ብርሃን መለኪያው ለሜርኩሪ ባትሪ የተሠራ ነው፣ ሜርኩሪ ባትሪ ደግሞ ከገበያ ወጥቷል። መልስ 20 ምን ችግር አለው፣ መጠኑ አንድ የሆነ አልካላይን አስገባበት አለ። መልስ 21 ተንተክትኮ መጣ፦ የሜርኩሪው 1.35 ቮልት ነው፣ አልካላይኑ 1.5። ለዚያውም እያገለገለ ሲሄድ ቮልቱ ቀስ በቀስ ይወርዳል፤ ዛሬ የለካኸውና የዛሬ ወር የምትለካው አይገጥምም። መፍትሔው ለመስሚያ መሣሪያ የሚሆነው የዚንክ ባትሪ ወይም ጠጋኝ ዘንድ ወስዶ ቮልቱን ማስቀነስ ነው። የኦኤም-1 ማያ ውስጥ ጥቁር እድፍ ካየህም ከላይ ያለው ስፖንጅ መስታወቱን በልቶታል ብሎ ጨመረ። በቁጣ ነው የጻፈው፣ ግን አንድም ስህተት የለበትም።

መልስ 22 አጭር ናት። ኤፍኤም2 ውድ ከሆነ ለምን ታላቅ ወንድሙን አትገዛም? ኒኮን ኤፍኤም በ1977 ወጣ፣ እሱም ያለ ባትሪ ይሠራል፣ 1/1000 ይበቃሃል። እንዲያውም ኤፍኤም2 የማይቀበላቸውን የድሮ የኒኮን ሌንሶች ይቀበላል፤ ሌንሱ አጠገብ ያለችው ትንሽ ምላስ ወደ ላይ ትታጠፍለታለች። ለኔ የክሩ መልስ ይኸው ነበር፣ ማንም ግን አላጨበጨበም።

ከዚህ በኋላ ወሬው ከካሜራ ወደ ማንሳት ዞረ። መልስ 23 ጥምቀትን የሚያነሱትን ሁሉ ይመለከታል። የእነዚህ ካሜራዎች ብርሃን መለኪያ ያየውን ነገር ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ነው ብሎ ያስባል። ጃንሜዳ ላይ ሺህ ሰው ነጭ ነጠላ ለብሶ ሲቆም መርፌዋ ብርሃን በዛ ትላለች። አምነሃት ከቀነስክ ነጠላው ግራጫ፣ የሰዉ ፊት ደግሞ ጥላ ይሆናል። የጸሐፊዋ ዘዴ ቀላል ነው። ካሜራውን ወደ ሣሩ ታዞራለች፣ እዚያ ላይ ለክታ ቁጥሩን ትይዛለች፣ ቀና ብላ ታነሳለች። ሣሩና ሰዉ አንድ ፀሐይ ላይ መሆን አለባቸው። ከተጠራጠርክ ብርሃን ጨምር፤ ኔጋቲቭ ፊልም ሲበዛበት ይችላል፣ ሲያንሰው ነው የሚከፋው።

መልስ 24 ለዚያ መለኪያም አያስፈልግ ብሎ የታወቀውን ሕግ አነሳ፦ ጠራራ ፀሐይ ከሆነ ቀዳዳው ኤፍ 16፣ ፍጥነቱ የፊልሙን ቁጥር (ለብርሃን ያለውን ስሜት የሚነግረውን) የሚጠጋው። ፊልሙ 200 ከሆነ 1/250። ደመና ሲመጣ ወደ ኤፍ 8 ውረድ። መልስ 25 ለመንገደኛ ነው፤ ፊልም ጭነት ሻንጣ ውስጥ እንዳይገባ፣ አውሮፕላን ማረፊያ አዲሶቹ ሲቲ የሚባሉት መፈተሻዎች ካሉ በእጅ ይታይልኝ ብሎ መለመን። መልስ 26 ከዱባይ፦ መኪና ውስጥ ትታችሁ አትውረዱ፣ ፊልሙም ቅባቱም ይበስላል።

መልስ 27 ሳይታሰብ ቡና አፈላ። ጥቁርና ነጭ ፊልም በቡና እንደሚታጠብ የሰማ አለ? ብሎ ጠየቀ። እውነት ነው፣ በ1995 ሮቼስተር የቴክኖሎጂ ተቋም ውስጥ የተጀመረ ዘዴ ነው። ፈጣን ቡና፣ የልብስ ማጠቢያ ሶዳ፣ ቫይታሚን ሲ። ጥፋቱ ይርጋጨፌ ቢሆንስ ብሎ መጨመሩ ነው። መልስ 28 የጻፈችው እናት እንዲህ ያለውን ነውር ሰምታ አታውቅም። ሰው የሚጠጣው አጥቶ እናንተ ይርጋጨፌ ፊልም ላይ ታፈሳላችሁ? ልጅ ጨዋ ቤት ያደገ አይመስልም አለችው። መልስ 29 በኬሚስትሪ አስታረቃቸው። ሥራውን የሚሠራው ካፌይን ሳይሆን ካፌይክ አሲድ ነው። ስለዚህ ርካሹ የሮቡስታ ፈጣን ቡና ከአረቢካ ይሻላል፣ ይርጋጨፌው ለሲኒ ይቅር። ሶዳውም ዳቦ መጋገሪያው አይደለም፤ እሱ ብቻውን ፊልሙን አያጥብም።

መልስ 30 ላይ ጠያቂው ብቅ አለ። ከአንድ አዛውንት ቤት ዕቃ ሽያጭ ላይ ኒኮን ኤፍኤም ከነ50 ሚሊ ሜትር ሌንሱ ገዝቷል። የጠጋኙን ምርመራ ሻጯ ፊት ቆሞ አንድ በአንድ ሲያደርግ ሴትየዋ ፖሊስ መስሏት ነበር አሉ። አንዱ ሴኮንድ ደህና ነው፣ ሌንሱ ንጹሕ ነው፣ ስፖንጁ ግን ጣቱን አጥቁሮታል። በዚያ ሳቢያ ትንሽ አስቀንሷል። ፍራንክፈርት ያለችውን እናት ይቅርታ ጠየቀ፤ እስካሁን አልመለሰችለትም።

መልስ 31 ይህን ሁሉ ያነበበ አይመስልም። የዜኒት ሌንስ አሁን ባለኝ ዲጂታል ካሜራ ላይ ይገጥማል ወይ ይላል። ኤም42 የሚባለው ተጠምዝዞ የሚገጥም ዓይነት ስለሆነ በማገናኛ ቀለበት ይገጥማል። የመድረኩ አስተናጋጅ ግን ይህ ሌላ ርዕስ ነው፣ አዲስ ክር ክፈት ብሎ ይህኛውን ቆለፈው።